የባሮ ውኃ ሲጎድል



መስከረም ከጠባ በኋላ ያለው ወቅት በደጋው አገራችን የሚታወቀው በአደይ አበባ፣ በመስቀል ደመራና በእሸት ነው። አባቶቻችን መፀው ይሉታል። በሌላው ዓለም፣ በተለይ በአውሮፓ፣ ይኸው ወቅት ቅጠል የሚረግፍበትና ወፍ አገር ለቆ የሚሄድበት በመሆኑ ገጣሚዎቻቸው የሐዘን ወቅት አድርገው ሲያዩት ኖረዋል። እኔ ይህን ወቅት ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ያየሁት ሁለቱንም በማይመስል ሥፍራ፣ በጋምቤላ ከተማ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ነው። ዛሬ ላጫውትሽ የፈለግሁት በዚህ ወቅት ስለሚመጡትና ስለሚሄዱት አእዋፍና አራዊት ነው። ጨዋታው ግን እየዋለ እያደረ ወደ ሐዘን መግባቱ አይቀርም። ልጅሽን፣ እናትሽን ወይም ባለቤትሽን ቀብረሽ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ሥራሽ የተመለስሽ እኅቴ እንደሆንሽ ይህ ጽሑፍ በተለይ ላንቺ ነው።

ጋምቤላን በወሬ ብቻ የምታውቂ ከሆነ ሙቀቷን እንጂ ውበቷን የነገረሽ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከአዲስ አበባ ተነሥተሽ ጅማን፣ በደሌን፣ መቱንና ጎሬን አልፈሽ ቡሬ ስትደርሺ ገና ደጋ ላይ ነሽ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ጎሬ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረው ሁሉ መጀመሪያ ጋቢውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ያኖራል፤ ትንሽ ቆይቶ ኮቱን፣ ቀጥሎም ሹራቡን ያወልቃል። ከ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወርደሽ ከባሕር ጠለል 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ወዳለው ሜዳ ስትገቢ፣ ከተማዪቱ ባሮን ተደግፋ፣ በማንጎ ዛፍ ተጋርዳ ትጠብቅሻለች።

ባሮ በክረምት ሌላ ነው። የኢሉባቦርንና የወለጋን ተራሮች አፈር እየጠራረገ፣ ግንድ እያንከባለለ፣ ጭቃ መስሎ ይመጣል። በቀድሞው ዘመን ከካርቱም ይመጡ የነበሩት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ ድረስ የሚዘልቁት ወንዙ በሞላባቸው በእነዚህ ወራት ብቻ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ግን ውኃው ይጎድላል። አንድ ቀን ጠዋት ትናንት ያልነበረ የአሸዋ ደሴት መካከሉ ላይ ብቅ ይላል። በሳምንቱ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ወንዙ በዳርና በዳሩ ጥቁር ደለል ትቶ ያፈገፍጋል፤ የአኝዋክ እናቶችም ደለሉ ሳይደርቅ ቀድመው ይደርሱና በቆሎ ይዘሩበታል። ውኃ የለቀቀው መሬት ነው በጋውን የሚያበላቸው።

ይኸው ያማረ ወቅት ግን የወባም ወቅት ነው። የሸሸው ውኃ በየስርጓዳው ኩሬ ትቶ ይሄዳል፤ በኩሬው ውስጥ ቢምቢ ትፈለፈላለች። ጋምቤላ ከአገራችን ክልሎች ሁሉ ወባ ከሚበረታባቸው አንዷ መሆኗን እዚህ የኖረ ሁሉ በገላው ያውቀዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በቆላ የምትኖሪ እናት ሆይ፤ ልጅሽን ከምሽት ጀምሮ ከአጎበር ሥር አስተኚ፤ ትኩሳት ካየሽ ደግሞ ሳይነጋ አይነጋ ሳትዪ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ እንዲመረመር አድርጊ። ይህን ምክር ከየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ደጋግመሽ አንብበሽው ይሆናል። እኔ የምደግመው ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ትረጂልኛለሽ።

አሁን ወደ ወፎቹ ልመለስ። በጥቅምት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቢሮ ወጥቼ በድልድዩ ላይ ስሻገር ቀና ብዬ ሰማዩን ማየት ልማዴ ነው። አንዳንድ ዓመት ምንም አይታይም። አንዳንድ ዓመት ግን ክንፋቸው ጫፉ የጠቆረ፣ መንቁራቸውና እግራቸው የቀላ ነጫጭ ሽመላዎች ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ክብ እየሠሩ ከፍ ሲሉ ይታያሉ። እነዚህ ወፎች ከምሥራቅና ከመካከለኛው አውሮፓ የመጡ ናቸው። ሽመላ ከባድ ወፍ ስለሆነች ሙሉውን መንገድ ክንፍ እየመታች አትዘልቀውም፤ ፀሐይ ካሞቀችው መሬት በሚነሣው የሞቀ አየር ላይ ተንሳፍፋ ነው የምትጓዘው። ሰፊ ባሕር ላይ ደግሞ እንዲህ ያለው አየር አይነሣም። ስለዚህ ሜዲትራኒያንን በቀጥታ በማቋረጥ ፈንታ በኢስታንቡል በኩል ዞራ፣ ሶርያንና ፍልስጥኤምን አልፋ፣ በሲና በረሃ አድርጋ የዓባይን ሸለቆ ትይዛለች። ከመካከላቸው ሱዳን የሚቀሩ አሉ፤ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚወርዱም አሉ፤ በምዕራቡ ቆላችን የሚያርፉም አሉ። ጭራቸው እንደ መቀስ የተከፈለው ትናንሾቹ ጨረባዎችም በዚያው ሰሞን ይመጣሉ። አንዷ ጨረባ ብትመዘን ከ20 ግራም ብዙም አትበልጥም።

ስለ ሽመላ ካነበብሁት ሁሉ ያስገረመኝ አንድ ነገር አለ። በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት ወጣቶች ብዙውን ጊዜ ከወላጆቻቸው ቀድመው ጉዞ ይጀምራሉ። መንገዱን አይተውት አያውቁም። እናትና አባት ጥቂት ቀን ከጎጆው አጠገብ ይቆዩና ከኋላ ይከተላሉ። ወጣቶቹ አፍሪካ ከደረሱ በኋላ በሚቀጥለው የፀደይ ወራት አብዛኞቹ አይመለሱም፤ ጎጆ ለመሥራት ወደ ትውልድ አገራቸው የሚደርሱት ሦስትና አራት ዓመት ሲሞላቸው ነው። ልጇን ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሩቅ አገር የላከች እናት ይህን ስታነብ ምን እንደሚሰማት አላውቅም። እኔን ግን ያሳሰበኝ ሌላው ነገር ነው፤ በፖላንድ አንድ ገበሬ ጎጆው ባዶ ቀረ ብሎ ሲተክዝ እኔ በባሮ ድልድይ ላይ ቆሜ ‹‹መጡ!›› እላለሁ። ወፏ አንድ ናት፤ ወሩም አንድ ነው።

ይህ ሐሳብ ያጽናናል ብዬ አይደለም የጻፍሁልሽ። ሐዘን በያዘኝ ዓመት አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ቢነግረኝ ኖሮ ፊቴን አዙሬ በሄድሁ ነበር።

የመጀመሪያ ልጄ ያረፈው በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ነው። አምስት ዓመቱ ነበር። ትኩሳቱ እንደ ጀመረው በዚያው ምሽት ተመርምሮ መድኃኒት ተሰጥቶታል፤ ሆኖም ወባው ወደ አንጎሉ ወጣና በሦስተኛው ቀን አረፈ። ሊደረግለት የሚገባው ሁሉ ተደርጎለታል። ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ‹‹የደጋ ልጅ ምን ሊያደርግ ቆላ ወረደ?›› ያሉም ነበሩ። ልጄ የደጋ ልጅ አልነበረም፤ ጋምቤላ የተወለደ፣ አኝዋክኛውን ከአማርኛው አስበልጦ የሚናገር፣ ዓሣ አጥማጆችን በስማቸው የሚጠራ የባሮ ልጅ ነበር።

በጋምቤላ ዕድር ውስጥ ከወለጋ፣ ከጎሬ፣ ከጉራጌ፣ ከጎንደርና ከወሎ የመጣው ከአኝዋክና ከኑዌር ጎረቤቶቹ ጋር አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣል። በሁሉም ቋንቋ ተለቀሰልኝ። ከሠልስቱ በኋላ ግን ድንኳኑ ተነቀለ፤ እናቴ ከአዲስ አበባ ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጅቶባት ነበርና እሷ ስትገባ ዕቃ እየተመለሰ ነበር። እኔም በሳምንቱ ሥራ ገባሁ። በግል ድርጅት ለምንሠራ ሰዎች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ ወይም ልጅ ለሞተበት ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት የነበረውም ሕግ ከዚህ አይበልጥም ነበር። ሕጉን ለመውቀስ አይደለም። ሥራ መዋሉ ለብዙ ሰው መድኃኒት እንደሚሆን አይቻለሁ። ነገር ግን የሦስት ቀን ፈቃድ የሦስት ቀን ሐዘን የሚመስላቸው አለቆች አሉ፤ ‹‹ገና አልለቀቀሽም እንዴ?›› ይላሉ። ጉንፋን ይመስል!

ከዚያ ደግሞ የልብሱ ነገር አለ። ጥቅምትና ኅዳር አልፈው ጥርና የካቲት ሲገቡ የጋምቤላ ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል። በዚያ ሙቀት ከራስ ሻሽ እስከ እግር ጥቁር መልበስ ምን ማለት እንደሆነ የለበሰችው ታውቀዋለች። እናቴ ‹‹አርባው ከወጣ ይበቃል፣ አውልቂው›› አለች። አማቴ በበኩሏ ዓመት ሳይሞላ ጥቁር ማውለቅ በዘመድ ዘንድ እንደሚያስወቅስ ታስረዳ ነበር። ሁለቱም ይወዱኛል። ሁለቱም በየፊናቸው የልብሴን ቀለም ሲከራከሩ እኔ መካከል ላይ ነበርሁ። ከሁሉም ያሳዘነኝ ግን ‹‹ገና ወጣት ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ›› የሚለው ንግግር ነው። እንዲህ ብለሽ የምታውቂ ከሆነ እባክሽ ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። ልጅ እንደ ተሰበረ ስኒ በሌላ አይተካም። ተናጋሪዋ ክፉ አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሰሚዋን ግን ይወጋታል።

በዚያ ሰሞን ከሥራ ስወጣ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ወደ ቤት ሳልገባ ባሮ ዳር ካሉት ማንጎዎች በአንዱ ሥር መቀመጥ ጀምሬ ነበር። እዚያ ማንም ምንም አይለኝም። ማንጎዎቹ ላይ የጦጣ መንጋ ይኖራል። የጋምቤላ ሰው ለጦጣ ቦታ አይሰጥም፤ ሌባ ናቸው፣ ከገበያ ሙዝ ይነጥቃሉ፣ ከመስኮት ዳቦ ያነሣሉ። እኔም በሌላ ጊዜ ቢሆን ባላየኋቸው ነበር። በኅዳር መጀመሪያ ላይ ግን አንዲት ጦጣ አንድ ነገር በእጇ አንጠልጥላ ስትሄድ አየሁ። የቆሸሸ ጨርቅ መሰለኝ። ስትቀርብ ሳይ ልጇ ነው። ሞቷል። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ተንጠልጥሏል።

በሦስት እግሯ ነበር የምትሄደው፤ አንደኛው እጇ ልጇን ይዟልና። ዛፍ ስትወጣ በአፏ ትይዘዋለች። ለመብላት ስትቀመጥ አጠገቧ ታስተኛዋለች፤ ጥቂት ፍሬ ትቀምስና እጇን ሰድዳ መኖሩን ትዳስሳለች። ዝንብ ሲያርፍበት ታባርራለች። መንጋው ሲንቀሳቀስ ኋላ ትቀራለች፤ ሆኖም አንዳቸውም ሲነጥቋት አላየሁም። ሌሎቹ ልጆች ቀረብ ብለው ያሸትቱና ዘወር ይላሉ። በማግሥቱም እንደዚያው ነበረች። በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን ሽታው እኔ ዘንድ ደረሰ። በአምስተኛው ቀን ስመጣ ባዶ እጇን ነበረች። የት እንዳስቀመጠችው ዛፉን ሁሉ ዞሬ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። እሷ ከሌላዋ ጦጣ ፊት ተቀምጣ ጠጉሯን ታስበጥር ነበር።

አንባቢዬ፤ አንዲት ጦጣ በሐዘኔ ላይ ምን ልታደርግ ትችላለች ትዪ ይሆናል። ቆይቼ ነገሩን ለማወቅ ስጠይቅ በራሳችን አገር ትልቅ ጥናት የተደረገበት ሆኖ አገኘሁት። በመንዝ፣ በጓሣ አምባ፣ ሣር የሚግጡት ጭላዳ ዝንጀሮዎች አሉ። አራት ዓመት ለመሙላት ጥቂት በቀረው ክትትል ተመራማሪዎች 14 እናቶች የሞተ ልጃቸውን ተሸክመው ሲዞሩ መዝግበዋል፤ ጥናቱ የታተመው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከእናቶቹ አንዷ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ተሸከመች። ሌላዋ ከ48 ቀን ያላነሰ ተሸክማ ቆየች። የጓሣ ብርድና ንፋስ ሬሳው ሳይፈርስ እንዲደርቅ ስለሚያደርገው እስከዚያ ድረስ ሊቆይ ቻለ። አስቢው እንግዲህ፤ አንድ ዓይነት እንስሳ፣ አንድ ተራራ፣ አንድ ዓይነት ሣር። ግን አንዷ አንድ ሰዓት፣ አንዷ አርባ ስምንት ቀን፤ ከአርባችንም ያልፋል።

እነዚህ እናቶች ልጃቸው መሞቱን ያውቁ ይሆን? ይህን ተመራማሪዎቹም ይከራከሩበታል፤ ሕፃኑ ይነቃ ይሆናል ብለው ነው የሚሉ አሉ፣ ማወቃቸውን የሚናገሩም አሉ። በኬንያ በአምቦሴሊ ዝሆኖች ላይ በተደረገ ፈተናም ዝሆኖቹ ከጎሽና ከአውራሪስ ራስ ቅል ይልቅ የዝሆንን ራስ ቅል በኩምቢያቸው ደጋግመው ሲዳስሱ ታይተዋል፤ የገዛ ዘመዳቸውን ራስ ቅል ግን ከሌላው ዝሆን አልለዩትም። ስለዚህ አራዊት እንደኛ ያዝናሉ ብዬ አልደፍርም። እኔ ከጦጣዋ የወሰድሁት ሌላ ነው። ማንም ‹‹አስቀምጪው›› አላላትም፤ ማንም ደግሞ ‹‹ተሸክመሽው ቆዪ›› አላላትም። እኔ የዚያን ጊዜ በአማቴና በእናቴ መካከል ነበርሁና ይህ ትልቅ ነገር ሆኖ ታየኝ።

በዚያው ምሽት ለሁለቱም ልብሱን የማወልቀው እኔ ባልሁት ቀን እንደሆነ ነገርኋቸው። እናቴ ዝም አለች። አማቴ አለቀሰች። ያወለቅሁት በሚያዝያ ነው፤ ዓመትም አርባም ያልሆነ፣ ምንም ምልክት የሌለው አንድ ማክሰኞ ቀን።

ይህን ያህል ከጻፍሁ በኋላ እዚህ ላይ ባቆም ግማሹን ብቻ እንደ ነገርሁሽ እቆጥረዋለሁ። ምክንያቱም ሐዘን ሁሉ እንደ ጦጣዋ ሐዘን አይደለም። ጦጣዋ የሞተውን ልጇን በእጇ ይዛው ነበር። እኔም መቃብሩን አውቀዋለሁ። በእጇ ያልያዘችውስ?

ከቤቴ አጥር ማዶ የምትኖረው ጎረቤቴ ኑዌር ናት። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ድንበር ተሻግረው የመጡ የታጠቁ የሙርሌ ወራሪዎች በጅካዎና በላሬ ወረዳዎች ባሉ መንደሮች ላይ ባደረሱት ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ከ100 የሚበልጡ ሕፃናትም ተወሰዱ። መንግሥት የሁለት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ማወጁን ታስታውሺ ይሆናል። በተከታዮቹ ወራት በርካታ ሕፃናት ተመልሰዋል፤ ሁሉም ግን አልተመለሱም። ካልተመለሱት አንዷ የጎረቤቴ የእኅት ልጅ ናት። የዚያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነበር።

ጎረቤቴ በልጄ ጊዜ ከእኔ ያልተለየች ሴት ናት። ምንም አትናገርም ነበር፤ ጠዋት ውኃ ቀድታ ታመጣና በርሜሉን ሞልታ ትሄዳለች። በተራዬ እኔ ስሄድ የማውቀውን ሁሉ ይዤ ሄድሁ፤ ቡናውን፣ ማጽናናቱን። አንድ ቀን ‹‹ጊዜ ያስረሳል›› አልኋት። ቡናውን አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦ ‹‹ያንቺ ልጅ መቃብር አለው። የእኛ ልጅ የትም የለችም። የትም ስለሌለች ሁልጊዜ በር ላይ ናት።›› እኅቷ ከድንበሩ ርቃ ወደ ከተማ እንድትገባ ብዙ ተለምናለች፤ እምቢ ብላለች። ልጅቷ ብትመለስ ቤቱን በምን ታገኘዋለች ነው የምትለው።

እንዲህ ላለችው እናት ‹‹ልቀቂው›› ማለት ምን ማለት ነው? ምኑን ትልቀቀው?

በዚያ ድንበር ላይ ሌላ የሚሻገር ነገር አለ። ከከተማችን በስተ ምዕራብና ደቡብ በ1960ዎቹ አጋማሽ የተከለለው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚባሉት አጋዘን መሳይ እንስሳት ከደቡብ ሱዳኑ ከቦማ አካባቢ እየተነሡ ወደዚህ ይመጣሉ። ወንዱ ሲጎለምስ እንደ ከሰል ይጠቁራል፣ ጆሮው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሴቷ ቀንድ የሌላት፣ የቀይ ዳማ ናት። ዝናቡ ቆሞ የደቡቡ ሜዳ ሲደርቅ ውኃና ለምለም ሣር ተከትለው ወደ ሰሜን ይጓዛሉ፤ ዝናብ መጥቶ ሜዳው ረግረግ ሲሆን ደግሞ ይመለሳሉ። እናቲቱ የወለደችውን በረዥም ሣር ውስጥ ደብቃ ግጦሽ ትሄዳለች፤ ልጁ ሳይንቀሳቀስ ይጠብቃታል፤ ተመልሳ ታጠባዋለች።

በሱዳን ከ1975 እስከ 1997 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት እነዚህ መንጋዎች በጥይት አልቀዋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ባለሙያዎች በትንሽ አውሮፕላን ሲቆጥሩ ግን ቆርኬውና አብረውት የሚፈልሱት ሌሎች የሜዳ እንስሳት ተደምረው 1.3 ሚሊዮን ያህል ሆነው ተገኙ። የዓለም ጋዜጦች ጻፉት። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ ቆጠራ ስድስት ሚሊዮን ያህል መሆናቸው ተነገረ፤ በምድር ላይ ከሚታወቀው የአጥቢ እንስሳት ፍልሰት ሁሉ ትልቁ ነው ተባለ። በዚያ ሁሉ የጦርነት ዘመን በሕይወት ነበሩ። የሚያያቸው ቆጣሪ ብቻ ነበር የጠፋው።

ይህን ለጎረቤቴ ነገርኋት። ‹‹ጠፍተው ነበር፣ ተገኙ›› ስላት ሳቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ‹‹ለማን ነው የጠፉት?›› አለች፤ ‹‹ከብት ይዘው የሚሄዱት ልጆቻችን በየዓመቱ ያዩአቸዋል።››

ቆርኬዎቹ ስለ ተገኙ ልጅቷ ትገኛለች አላልኋትም፤ እሷም እንደዚያ አልሰማችውም። አንቺም እንዲህ ዓይነቷን እናት ስትጎበኚ እንደዚህ ያለውን ተስፋ ይዘሽ አትሂጂ። ነገር ግን መቃብር ለሌለው ሰው መርዶ የምታረጂም አትሁኚ። ልጇ በስደት መንገድ ላይ፣ በባሕር ወይም በበረሃ፣ ድምፁ የጠፋባት እናት በአዲስ አበባም፣ በወሎም፣ በትግራይም፣ በሀዲያም አለች። ዘመድ ተሰብስቦ ‹‹ይበቃል፣ ተዝካሩን አውጪና እረፊ›› ሲላት ሰምቻለሁ። ለዘመዱ ዕረፍት ይሆነዋል። ከቀበርነው ልጅ ጋር የምናደርገው አንድ ነው፣ ካልቀበርነው ጋር የምናደርገው ሌላ ነው። የመጀመሪያዪቱ ቀኗን ራሷ ትቁረጥ፤ ሁለተኛዪቱን ደግሞ በር ላይ ተቀምጣ እንደሆነ አብረሻት ተቀመጪ። ውኃ መቅዳት አይከብድም።

በዚህ ዓመት ጎረቤቴ እኅቷን ልትጠይቅ ሄዳ በቆሎ እየዘራች አገኘቻት። መጠጊያዋ ያው የድሮው ጎጆ ነው፤ ጣራው ታድሷል፤ በሩ ግን ድሮ በነበረበት በኩል ነው የተሠራው።

እኔ የልጄን ልብስ የሰጠሁት በ2008 ዓ.ም. ክረምት ከደቡብ ሱዳን ተሰድዳ ለመጣች አንዲት እናት ነው። ሸሚዙንም፣ ሱሪውንም፣ ሹራቡንም ሰጠኋት፤ ሹራቡን ለጋምቤላ ማን እንደገዛለት እስካሁን ያስቀኛል። አንድ ጥንድ ጫማ ግን አስቀርቻለሁ። ቁጥሩ 27 ነው። በ2009 ዓ.ም. የተወለደችው ልጄ ትንሽ ሳለች አግኝታው ለክታዋለች፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ልክ ሆኗት ነበር፣ ከዚያ ጠበባት። አሁን 33 ታደርጋለች።